ለወታደር ቤተሰብ መዋጮ ስትሰበስቡ፦ ከኮሚቴ ምሥረታ እስከ ሒሳብ መዝጊያ (ለድሬዳዋ ሰፈሮች)

ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከሳቢያን እስከ መጋላ፣ ልጇን ወይም ባሏን ለሠራዊቱ የሰጠች እናት የሌለችበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ጎረቤት ተሰባስቦ «እነዚህን ቤቶች እናግዝ» ማለቱም አዲስ ነገር አይደለም። ግን ብዙው ጥረት ሁለት ወር ሳይሞላው ይቆማል። ብር ጠፍቶ አይደለም፤ ድሬ ላይ ሰጪ ሞልቷል። የሚቆመው አንዱ በግል ስልኩ ስለሰበሰበ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ቤት ስለቀረ ወይም «ያ ብር የት ደረሰ?» ሲባል መልስ ስለጠፋ ነው።

ይህ መመሪያ ከ5 እስከ 10 ሰው ሆናችሁ በሰፈር ደረጃ ለምትሠሩ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በተለይ ደረጃ 4 ሳያልቅ ደረጃ 5ን አትጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ለማን፣ ለምን፣ እስከ መቼ

ብር ከመቀበላችሁ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ቁረጡ።

ለማን? «የወታደር ቤተሰብ» ሲባል ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቤት አለ። ወታደሩ ግዳጅ ላይ ያለ፣ ቆስሎ የተመለሰ እና የተሰዋ። ችግራቸው አንድ አይደለም። ግዳጅ ላይ ያለው ሰው ቤት ደመወዝ አለ፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ድንገት ለሚመጣ ሕመም ወይም ለትምህርት መጀመሪያ የሚሆን ብር ነው። የቆሰለው ቤት የሕክምና ምልልስና አስታማሚ አለ። የተሰዋው ቤት ደግሞ ገቢው ራሱ ተቋርጧል። አቅማችሁ ትንሽ ከሆነ በአንዱ ጀምሩ። እኔ ብሆን በተሰዋው ቤት እጀምራለሁ።

ለምን? «ለድጋፍ» አትበሉ። «ለልጆች ደብተር፣ ዩኒፎርምና ጫማ» ወይም «ለስድስት ወር የቤት ኪራይ ማገዣ» በሉ። ዓላማው ሲጠብ ሰጪውም ይተማመናል፣ እናንተም ስታከፋፍሉ አትጨቃጨቁም።

እስከ መቼ? የመጨረሻ ቀን አስቀምጡ። ማብቂያ የሌለው መዋጮ ሰውን ያሰለቻል።

ደረጃ 2፦ ኮሚቴውና ፈቃዱ

1. ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ተቆጣጣሪ ምረጡ። ገንዘብ ያዡና ተቆጣጣሪው ዘመዳሞች አይሁኑ።
2. ከኮሚቴው ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ቤት ለቤት ስትሄዱ የምታገኙት በአብዛኛው እናትና ሚስት ነው። ወንዶች ብቻ ከሄዱ እውነተኛው ችግር አይወራም።
3. ከእድርም ከአፎቻም (እንደ እድር ያለ መረዳጃ ማኅበር ነው) ሰው ይኑራችሁ። በአንድ ሰፈር የሁለቱም አባላት ጎን ለጎን እየኖሩ ኮሚቴው ከአንዱ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ግማሹ ቤት መዝገብ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።
4. ቃለ ጉባኤ ጻፉ። ዓላማውን፣ የመጨረሻውን ቀን፣ የፈራሚዎችን ስም አስገቡበት። ሁሉም ይፈርሙ።
5. ፈቃድ ጠይቁ። ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚቋቋም ቡድን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ነው፤ ሥራ ሳይጀምር መፈቀድ አለበት። ቃለ ጉባኤያችሁን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱና ጥያቄው ለየትኛው ቢሮ እንደሚቀርብ አረጋግጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እድርና እቁብ በዚያ አዋጅ አይገዙም። ስለዚህ እድራችሁ ከራሱ አባላት አዋጥቶ የራሱን አባል ቢረዳ የተለመደ ሥራው ነው። ነገር ግን «እድር ነን» ብሎ ቀፊራ ገበያ ወርዶ ከመንገደኛ መሰብሰብ ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ፈቃድ ያስፈልጋል።

*ፈቃዱ ከዘገየ፦* ዝም ብላችሁ አትጀምሩ። ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው መዋጮውን በእድሩና በአፎቻው አባላት ብቻ መወሰን ነው። ሁለተኛው በሕግ ተመዝግቦ ከሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ በእሱ ሒሳብና ደረሰኝ መሥራት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የወታደር ልብስ ለብሳችሁ አትሰብስቡ። የመከላከያን ዓርማ ያለፈቃድ በፖስተር ላይ አትለጥፉ። ሰው ሠራዊቱ የላካችሁ መስሎት ቢሰጥ፣ አስቦበት ሳይሆን ፈርቶ ወይም ተሳስቶ ሰጠ ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ የባንክ ሒሳብ

ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ይከፈት። ሦስት ፈራሚዎች ይኑሩት፤ ከእነሱ ቢያንስ ሁለቱ ካልፈረሙ ብር አይውጣ። ባንኩ ቃለ ጉባኤውን፣ የፈቃድ ደብዳቤውንና የፈራሚዎቹን መታወቂያ ይጠይቃል። ብዙ ባንክ አሁን ፋይዳ ስለሚጠይቅ የሌለው ፈራሚ ቀድሞ ይመዝገብ።

በግለሰብ ስልክ ቴሌብር አትቀበሉ። «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተጀመረ ነገር እዚያው ይቀራል። የግለሰቡ ብርና የመዋጮው ብር አንዴ ከተቀላቀለ ሰውየው ንጹሕ እንኳ ቢሆን ማስረዳት አይችልም። ስሙ ይጠፋል፣ ሥራውም አብሮ ይጠፋል።

ደረጃ 4፦ ቤተሰቦቹን መመዝገብ

ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። ሊወስድም ይገባል።

*ቅጹን አዘጋጁ።* በአንድ ገጽ ይበቃል። መለያ ቁጥር፣ የቤቱ ተጠሪ ስም፣ ቀበሌ፣ በቤቱ የሚኖር ሰው ብዛት፣ የሚማሩ ልጆችና ክፍላቸው፣ ኪራይ ወይም የራስ ቤት፣ የታመመ ሰው፣ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ድጋፍ። ወታደሩ የት እንዳለ፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመጣ አትጠይቁ። ለሥራችሁ አያስፈልግም፤ ከተጻፈና ከወጣ ደግሞ ሰው ላይ አደጋ ያመጣል።

*ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዷ ሴት ትሁን።* ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ቤቱ ያረፈበት ሰዓት ነው። ጠዋት ወይም ወደ አመሻሹ ሂዱ። ምሳ ሰዓት አትግቡ። ያላትን ለእንግዳ አቅርባ ራሷ ጾሟን የምታድር እናት አለች።

*ፎቶ አታንሱ።* ቤቱንም፣ ልጆቹንም፣ በግድግዳው የተሰቀለውን የወታደሩን ፎቶም።

*ማስረጃ እዩ፤ ግን ማስረጃ የሌለውን አታባርሩ።* የጋብቻ ወረቀት፣ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከክፍሉ የተጻፈ ደብዳቤ ካለ ጥሩ ነው። ጋብቻው በኒካ የተፈጸመ ከሆነ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስረጃ ይታያል። ምንም ከሌለ ሦስት ጎረቤትና የእድሩ ወይም የአፎቻው ተጠሪ ፈርመው ያረጋግጡ። «ሐረር ምሥራቅ ዕዝ ሄዳችሁ ደብዳቤ አምጡ» ብላችሁ አትላኩ። ድሬ የምትኖር ሚስት ባሏ በየትኛውም ዕዝ ሊሆን ይችላል። የመኪና ብሯን አቃጥላ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

*መርዶ ነጋሪ አትሁኑ።* ይህን አስምሩበት። «የእገሌ ልጅ ተሰውቷል አሉ» የሚል ወሬ ሰምታችሁ የዚያን ቤት ስም «የተሰዉ» በሚለው ዝርዝር አትጻፉ። እናቲቱ ያልሰማችውን እናንተ መዝገብ ላይ ካገኘችው የማይጠገን ጉዳት ነው። ቤተሰቡ መርዶውን በወጉ እስኪሰማ ድረስ ቤቱ «ግዳጅ ላይ» ተብሎ ይቆያል። ለመመዝገብ ስትገቡም «ልጅሽ ደህና ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እንዴት ናችሁ? ልጆቹ ትምህርት እንዴት ነው?» በሉ፤ ሌላውን እሷ ከፈለገች ታነሳዋለች።

*እናትና ሚስት ከተጋጩ፦* ይህ በጣም የተለመደ ነው። እናት በአንድ ቤት፣ ሚስት በሌላ፣ ሁለቱም «የሚገባው ለእኔ ነው» ይላሉ። እናንተ ዳኛ አይደላችሁም። ወራሽ ማን እንደሆነ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። የእናንተ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ በዚህ ቤት በወታደሩ ገቢ ይተዳደር የነበረ ማን አለ? በሁለቱም ካለ ሁለቱም ይመዘገቡ፤ ድርሻው እንደ ሰው ብዛቱ ይከፈል። ሕጉን ቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ ጻፉት። ጠብ ከተነሳ በኋላ የሚጻፍ ሕግ ለአንዱ ያደላ ይመስላል።

*የጡረታ መብቱን እዩ።* የተሰዋ ወታደር ቤት ስትመዘግቡ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የጡረታ ፋይል ተከፍቷል ወይ?» ነው። የወታደር ጡረታ በመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በኩል ይሄዳል። ለሚስት፣ ለልጆችና በእሱ ይጦሩ ለነበሩ ወላጆች መብት አለ። የሚስት ድርሻ ሟቹ ያገኘው ከነበረው ጡረታ ግማሽ ነው። የእናንተ መዋጮ ስድስት ወር ይቆያል፤ ጡረታው ግን ዓመታት ይሄዳል። ስለዚህ ፋይል ያልከፈተች እናት ካገኛችሁ ከኮሚቴው አንድ ሰው መድቡላት። የሞት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃዎችን አብሯት ያሟላ፤ የፎቶ ኮፒና የባጃጅ ወጪዋ ከመዋጮው ይሸፈን። ከምትሰጧት ሁሉ ዋጋ ያለው ይኸኛው ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ መጠየቅ

በውዴታ ማለት በውዴታ ነው። እንቢ ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም፣ ስሙ አይጻፍም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደጁ አይንኳኳም። ቤተሰቦቹ ራሳቸው የሚያፍሩበት ብር አታምጡላቸው።

1. መነሻ ተመን አታስቀምጡ። «በነፍስ ወከፍ 500 ብር» ካላችሁ መዋጮ መሆኑ ቀርቶ ግብር ሆነ። «10 ብርም ይረዳል» በሉ፣ ከልባችሁም በሉት።
2. የሰጪዎችን ስምና መጠን ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። ትንሽ የሰጠውን ያሸማቅቃል፣ ያልሰጠውን ያስፈራራል።
3. የቀበሌ አገልግሎት ከመዋጮ ጋር እንዳይያያዝ ተጠንቀቁ። መታወቂያ ሊያሳድስ የተሰለፈ ሰው ፊት ሳጥን አታስቀምጡ።
4. ፋብሪካ ወይም ድርጅት ውስጥ ከደመወዝ እንዲቆረጥ ከተፈለገ እያንዳንዱ ሠራተኛ በጽሑፍ ይስማማ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልኖረ ያለሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ደመወዝ መቁረጥ አይችልም። የሠራተኛ ማኅበሩ «ሁላችንም ተስማምተናል» ማለቱ አይበቃም።
5. በራሪ ወረቀቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አዘጋጁ። የቋንቋው ተወላጅ ያንብበው። ዓላማው፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ የሒሳብ ስሙና ቁጥሩ፣ የመጨረሻው ቀን ይኑርበት። ሌላ አያስፈልግም።

ቀፊራና አሸዋ ገበያ ጠዋት ሂዱ፤ ነጋዴው ከምሳ በኋላ ያርፋል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለመቆም ቀድማችሁ የመስጊዱን ኮሚቴና የሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ። አንድ ሰው «ይህ ዘካ ነው» ብሎ ከሰጣችሁ ለብቻ መዝግቡት፤ ለማን መሰጠት እንደሚችል ኢማሙን ሳትጠይቁ ከሌላው ጋር አትደባልቁት።

*ሰው «ባለፈው የሰጠነው የት ገባ?» ካለ፦* አትከራከሩ። ያለፈውን እናንተ አልሰበሰባችሁትምና አትመልሱለትም። «የእኛን ደረሰኝ ያዝ፤ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን እናሳይሃለን» በሉና እለፉ። ሒሳቡን ስታሳዩት ያኔ ይሰጣል።

ደረጃ 6፦ ብር መቀበል

በእጅ የተቀበላችሁት እያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጥለት፤ 10 ብርም ቢሆን። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ በካርቦን ሁለት ቅጂ የሚወጣ ይሁን። መጠኑ በአኃዝና በፊደል ይጻፍ። «1000» ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው፤ «አንድ ሺህ ብር ብቻ» ላይ ግን መጨመር ይከብዳል። ሰጪው ስሙን ካልፈለገ «በጎ አድራጊ» ብላችሁ ጻፉ። የተበላሸ ደረሰኝ አትቅደዱ፤ ሁለቱንም ቅጂ «የተሰረዘ» ብላችሁ ጥራዙ ላይ አስቀሩ። ጥራዝ ሲሰጥና ሲመለስ ገንዘብ ያዡ ቁጥሩን ከእስከ ብሎ ይመዝግብ።

ሳጥን ከተጠቀማችሁ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹ በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ። ሲከፈት ሦስት ሰው ባለበት ይቆጠር፣ እዚያው ተጽፎ ይፈረም። የዕለቱ ብር በዕለቱ ባንክ ይግባ። ባንክ ከተዘጋ በማግስቱ ጠዋት፤ እስከዚያ የት እንዳደረ ይጻፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም። «ልኬያለሁ» የሚል የሐሰት ምስልና የሐሰት መልእክት እየተሠራ ነው። የባንክ መግለጫችሁ ላይ ካላያችሁት አልገባም። አጭበርባሪ «ተሳስቼ አብልጬ ላክሁ፣ ትርፉን መልሱልኝ» ካለ ደግሞ በፍጹም አትመልሱ፤ ባንኩ ያረጋግጥ።

*ፖስተራችሁን ሌላ ሰው ወስዶ የሒሳብ ቁጥሩን ከቀየረው፦* ይህ ይደርሳል። ከመጀመሪያው «ከመላክዎ በፊት የሚመጣው ስም የኮሚቴው መሆኑን ይዩ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም ከማረጋገጫው በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። ከተከሰተ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለባንኩ አመልክቱ፤ በእድርና በአፎቻ ስብሰባ ትክክለኛውን ቁጥር ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

መዝገባችሁ ላይ «ቃል የተገባ» እና «የገባ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይኑሩ። በስብሰባ ላይ ስሜት ገፋፍቶት 20,000 ብር ቃል የገባ ሰው በማግስቱ ላይችል ይችላል። በቃል ላይ ተመሥርታችሁ ለቤተሰብ ቀን አትቁረጡ።

ደረጃ 7፦ ማከፋፈል

መጀመሪያ መጠባበቂያ አስቀሩ። ለምሳሌ 240,000 ብር ተሰብስቦ 20 ቤት ካለ፣ 24,000ውን ለድንገተኛ ሕመምና ለቀብር ያዙ። የቀረው 216,000 ለአንድ ቤት 10,800 ይደርሳል። ይህን በአንዴ ልትሰጡት ወይም በወር 1,800 ለስድስት ወር ልታደርጉት ትችላላችሁ። ለኪራይ የወሩ ይሻላል። ዕዳ ላለበትና ሥራ ሊጀምር ላሰበ ቤት የአንዴው። ቤተሰቡን ጠይቁ፤ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ።

1. ብሩን በቀጥታ በቤቱ ተጠሪ የባንክ ሒሳብ አስገቡ። ሒሳብ የሌላትን አብራችሁ ሄዳችሁ አስከፍቱ።
2. ለአከራይ የሚከፈል ከሆነ አከራዩ ፈርሞ ይቀበል፣ ቅጂው ለተከራይዋ ይሰጣት።
3. ዕቃ ከገዛችሁ ከሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ሰብስቡ፤ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከኮሚቴ አባል ሱቅ ርካሽ ቢሆንም አትግዙ።
4. የትምህርት ዕቃ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግዙ። ጳጉሜ ላይ ሁሉም ገበያ ይወርዳል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ቁጥር ውሰዱ።

አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ባነር ሰቅላችሁ፣ ልጆችን ደብተር አስይዛችሁ ፎቶ አታንሱ። ያ ልጅ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ ፎቶውን አይተውታል። ሰጪ ማረጋገጫ ከፈለገ የባንክ ማስተላለፊያውን መለያ ቁጥር ብቻ አሳዩት።

*ቤተሰቡ ከከተማ ከወጣ፦* ሒሳቡ ላይ መላኩን እስከተስማማችሁበት ቀን ቀጥሉ። *ወታደሩ ከተመለሰ፦* በዚያው ወር አትቁረጡ። ቆስሎ ከሆነ ወጪው ገና መጀመሩ ነው። *ያልተመዘገበ ቤት ዘግይቶ ከመጣ፦* ከመጠባበቂያው እርዱ፤ የሌሎችን ድርሻ ግን አትንኩ።

ደረጃ 8፦ ሒሳብ ማሳየት

በየወሩ አንድ ገጽ አውጡ። የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፣ የተረዱ ቤቶች ብዛት። የቤተሰብ ስም አይኑርበት። ከባንክ መግለጫው ጋር መመሳከሩን ተቆጣጣሪው ፈርሞ ያረጋግጥ። በእድርና በአፎቻ ስብሰባ ይነበብ፤ ሰው ይጠይቅ። የኮሚቴው የባጃጅና የወረቀት ወጪ ካለ በግልጽ ይጻፍ። የተደበቀ 300 ብር ከተጻፈ 3,000 ብር የበለጠ ያስወራል።

*ጉድለት ከተገኘ፦* በዚያው ቀን ኮሚቴው ይሰብሰብ። ደረሰኝ በደረሰኝ ቁጠሩ። ካልተገኘ ጉድለቱን በወሩ ገጽ ላይ ጻፉት፣ ማን እንደሚተካውም ጻፉ። ከራሳችሁ ኪስ በዝምታ አትሙሉት፤ የጎደለበት ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ወርም ይደገማል።

ደረጃ 9፦ መዝጋት

የመጨረሻው ቀን ሲደርስ መሰብሰብ አቁሙ። ለቤተሰቦቹ ግን ከአንድ ወር በፊት ቀድማችሁ ንገሩ፤ ኪራይ በእናንተ ላይ የጣለች እናት ድንገት አትውደቅ። የተረፈ ብር ካለ በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ በተጻፈው መሠረት ይከፋፈል፤ ካልተጻፈ እኩል ለተመዘገቡት ቤቶች ይሂድ። ለሌላ ዓላማ፣ ጥሩም ቢሆን፣ አታዙሩት።

የባንክ ሒሳቡን ዝጉና የመዝጊያውን ወረቀት ውሰዱ። የደረሰኝ ጥራዞችና የወር ገጾች ለፈቃድ ሰጪው ቢሮ ከሚገባው ሪፖርት ጋር ቅጂያቸው በእድሩ ሣጥን ይቀመጥ። የቤተሰቦቹ ቅጾች ለብቻቸው በታሸገ ፖስታ ሰብሳቢው ጋ ይሁኑ። በስልክ የተነሡ የቅጽ ፎቶዎችና በቴሌግራም የተላኩ ዝርዝሮች ካሉ ኮሚቴው አንድ ላይ ተቀምጦ ከየስልኩ ያጥፋ።